እትዬ የሺ ያሸተቱት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን «ዋሽቻለሁ፣ አባ» ብዬ አልፌው ነው እንጂ ምን ብዬ እንደዋሸሁ፣ ማንን እንዳዋረድኩ አላወጣሁትም። ጎንደር በደብር ግቢ ያደግሁ፣ የመሪጌታ ልጅ፣ ኑዛዜን ቆርጦ ማስቀረት ከማን ተማርኩ? ከራሴ ነው። ዛሬ ሙሉውን ልናገር።

ያኔ ወጣት ተመራማሪ ነበርኩ። ሥራዬ ከገብስ ጭድ ነዳጅ ማውጣት ነበር። ጭዱን በአሲድ ቀቅለህ ስኳሩን ታወጣለህ፣ አሲዱን በኖራ ታበርዳለህ፣ እርሾ ጨምረህ ታብላላዋለህ፤ ከዚያ ልክ እንደ አረቄ ታወጣዋለህ። የሚወጣው አልኮል ምድጃ ያነዳል። በጥናቴ ላይ ጭዱን «የእርሻ ቆሻሻ» ብዬ ጻፍኩት። ቆሻሻ! ደጋ ላይ ጭድ የበሬ ቀለብ ነው፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ የቤት ግድግዳ ነው። ይህን የማያውቅ የጎንደር ልጅ አለ? አውቅ ነበር። ወረቀት ላይ ግን ቆሻሻ ሲባል ያምራል።

ደጋ ላይ፣ ከመካነ ብርሃን ከተማ ወጣ ብላ ባለች አንዲት መንደር በርሜሎቼን ተከልኩ። ያሳረፉኝ አያ ፈንቴና ባለቤታቸው እትዬ የሺ ናቸው። አያ ፈንቴ ባለ ሁለት በሬ ገበሬ ነበሩ። እትዬ የሺ ደግሞ አረቄ እያወጡ ገበያ የሚሸጡ፣ እጃቸው ባገሩ የተመሰገነ ሴት። የራሳቸውን መደብ ለቀው አስተኙኝ፤ ያላቸውን አበሉኝ።

ሥራው እምቢ አለኝ። ብርዱ ይሁን ያልበረደው አሲድ፣ እንጃ፣ እርሾው ሞቶ ቀረ። የወጣው ፈሳሽ ውሃ ነው፤ ክብሪት ሳስጠጋው ክብሪቱን ያጠፋዋል። መንደሩ ደግሞ ለእሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እሳቱን እንዲያይ ተጠርቷል። አይተው ጭዳቸውን ካልሰጡኝ ሥራዬ እዚያው አበቃ። «አልሆነልኝም» ማለት ስንት ቃል ነው? አንድ። እኔ ግን ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ከማታውቀኝ ሴት ሁለት ጊዜ የወጣ፣ ኃይለኛ አረቄ ገዛሁና ጀሪካኔን ሞላሁ። እኔ ነኝ የገዛሁት። እኔ ነኝ የሞላሁት። ማንም አላስገደደኝም።

እሑድ በሕዝቡ ፊት ለኮስኩት። ሰማያዊ እሳት ቦግ አለ። ሰዉ «እሰይ!» አለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ የሺ ብቻ ጠጋ ብለው፣ ጎንበስ ብለው ጀሪካኑን አሸተቱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፤ ግራ ገብቷቸው ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ይህማ አረቄ ነው። ጌሾ ጌሾ ይላል። ጭድ ጌሾ ከየት ያመጣል?»

ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር፤ ልወጣበት እችል ነበር። እኔ ግን ሳቅሁ።

«እትዬ የሺ፣ ከአረቄ ጋር ሲውሉ አፍንጫዎ ሰክሮ ነው!» አልኩ።

ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። አያ ፈንቴ አፈሩና «ዝም በይ አንቺ! በተማረ ሰው ፊት ታዋርጅኛለሽ?» አሏቸው። እትዬ የሺ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ቤት ገቡ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔው ወለምታም አልነበረ፤ አስቤ ነው የተናገርኩት።

አያ ፈንቴ የሚስታቸውን ነገር ለመካስ ይመስለኛል፣ ከሁሉ አብልጠው ሰጡ። የክምራቸውን ግማሽ! «በሬዎቹስ?» ያላቸው ጎረቤት ነበር። እሳቸው ሳይመልሱ እኔ ቀድሜ «አይስጉ፣ አተላው ለከብት ይመለሳል» አልኩ። የጠላ አተላ ከብት እንደሚያወፍር እዚያ ልጅ አዋቂው ያውቃልና ሳያላምጡ ዋጡልኝ። አሲድ የገባበትን አተላ የትኛው በሬ ይበላል? ይህንንም አውቅ ነበር።

ጭዱ በርሜል ገብቶ ለምንም የማይሆን ዝቃጭ ሆኖ ወጣ። «መሣሪያ ላመጣ» ብዬ ጎንደር ገባሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ሪፖርቴ ላይ «ሙከራው ተሳክቷል» ብዬ ጻፍኩ። በጋው ሲጠና፣ ሣሩ ሲጠፋና የቀረው ክምር ሲያልቅ፣ ከአያ ፈንቴ በሬዎች አንዱ ዝናብ ሳያይ ሞተ። የነገረኝ ከዚያ የመጣ ሰው ነው። ባለ አንድ በሬ ሆነው፣ ከጎረቤት ተቀናጅተው፣ ተራ ሲጠብቁ እርሻው አለፈባቸው አለኝ። እኔ ሻዬን ጠጥቼ ጨረስኩ።

በቅርቡ እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አያ ፈንቴን አገኘኋቸው። ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው ነው፤ በጣም አርጅተዋል። ዘወር ልል ስል አዩኝና አቅፈው ሳሙኝ። «የበሬውን ነገር ሰማሁ» ብቻ አልኳቸው። «የዘመኑ ክፋት ነው፤ አንተ ምን አደረግህ?» አሉኝ። ከዚያ ሳቅ ብለው ቀጠሉ።

«እሷ ግን እስከ ዛሬ አረቄ ነው ትላለች። ስንት ጊዜ ተጣላን መሰለህ! እሳቱን በዓይኔ አይቻለሁ እላታለሁ፣ አትሰማም። ገበያ ስትወርድ 'የሰከረው አፍንጫ መጣ' እያሉ ሲስቁባት ጊዜ አረቄውንም ተወችው።»

እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ዳር። «እውነታቸውን ነው» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ምን አልኩ? «ሰላም በሉልኝ» አልኩ። ሰላም! አፈር ልብላ! ባጃጅ ጠርቼ አሳፈርኳቸው፤ እየመረቁኝ ሄዱ።

ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ ለአገር አስቤ ነበር፤ ሁሉንም ለራሴ ብየዋለሁ፣ አንዱም አይቆምም። በሬው አንዴ ሞተ። እውነት የተናገሩ ሴት ግን በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ባላቸው ፊት፣ በእኔ ምክንያት ዛሬም ውሸታም ናቸው። አረቄ ነበር። ጌሾ ይሸት ነበር። እትዬ የሺ ልክ ነበሩ።

ይኸው ተናገርኩ። ግን ለማን? እናንተ ምናቸው ናችሁ? ወደ መካነ ብርሃን መኪና አለ፤ ተሳፍሬ፣ ያንኑ መንደር ሰብስቤ ማለት የነበረብኝን ለእናንተ ጻፍኩላችሁ። ስለዚህ ይቅርታችሁን አልለምንም፤ የምትሰጡኝም አይደላችሁም። እትዬ የሺ ማንበብ አይችሉም። ይህን አውቄ ነው የጻፍኩት።