የእትዬ ዘይነባ ደቦ

ዛሬ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከአንድ ወጣት ጋር ልጣላ ምንም አልቀረኝም።

«ደርግ ሌላው ቢቀር ደካማን አይረሳም ነበር። መንግሥት ሲያዝዝ ሁሉም ለሁሉም ይሠራል» ይላል። ደርግ ሲወድቅ እሱ ገና አልተወለደም። ላልኖሩበት ዘመን መመስከር እንዴት ይቀላል!

እኔ ግን ነበርኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ስንዴያቸውን የሚያሳጭዱት በደቦ ነበር። እስላም ክርስቲያን ሳይባል አገሩ ይወጣላቸዋል። አዛዥ የለም። የቀረ ሰው ግን ነገ እሱ ሲቸግረው ማን እንደሚደርስለት ይጨነቃል።

አንድ መኸር ላይ የደርግ ካድሬ መጣና «የግል ደቦ ክልክል ነው፤ ጉልበት ሁሉ ለማኅበሩ እርሻ! ችግረኛን መንግሥት ያያል» ብሎ አወጀ።

አባቴ ማጭዱን ይዞ በእሳቸው ማሳ ላይ በመገኘቱ ታሰረ። ከዚያ ወዲያ ማን ይድፈር? የደረሰው ስንዴ እንደቆመ በረዶ ወረደበት። መንግሥትም አላየውም።

ይባስ ብሎ ካድሬው በስብሰባ ላይ «ተነሽና መንግሥትን አመስግኚ» አላቸው።

እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ባሌን አላህ ወሰደው፣ አልሐምዱሊላህ፤ ጎረቤት ግን ተወልኝ። ጎረቤቶቼን የወሰዳችሁብኝ እናንተ ናችሁ።»

ይህን ስነግረው ወጣቱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ።

መንግሥት መንገድ ይሥራ፣ ሌባ ይያዝ። ጉርብትናችንን ለእኛ ይተውልን።

በእናንተስ አገር መንግሥት «እኔ አለሁላችሁ» ብሎ ምን አሳጣችሁ?