የባሌን ስኖውሞቢል ዘይት የቀየርኩ ቀን

ባሌ ስኖውሞቢል ገዝቶ መጣ። ሜሪላንድ አጠገብ ባለችው በእኛዋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ትንሽ የበረዶ ብናኝ ጣል ሲያደርግ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ከተማ፣ በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር! የሸጠለት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የሥራ ባልደረባው ነው፤ ብርድ ሲገባ ወደ ምዕራብ ሜሪላንድ ተራሮች ወጥተው አብረው ሊነዱ ተስማምተዋል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አልኩት። ስካይላይን ሰፈር የምትኖረው እህቱ ደግሞ “ፓርኪንግ ውስጥ ልትነዳው ነው?” ብላ ሳቀችበት።

የመጀመሪያው ጉዞ አንድ ቀን ሲቀረው ያ ባልደረባው ደወለ። ሞተሩ ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያስተላልፍበት ሰንሰለት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ዘይት ተነክሮ ነው የሚሽከረከረው፤ ዘይቱ ከተቀየረ ቆይቷልና ሳትቀይር እንዳትነዳው አለው። ባሌ ተደናገጠ።

“ዛሬ አፖይንትመንት የሚሰጠኝ ሾፕ የለም፤ ትሪፑን ካንስል ማድረግ ነው እንግዲህ።”

“እኔ እቀይረዋለሁ” አልኩ።

ባሌ ሳቀ። የሱ ሳቅ ግድ አልሰጠኝም፤ እኔ ያየሁት ሶፋው ላይ የተቀመጡትን፣ አሁን ከእኛ ጋር የሚኖሩትን አባቴን ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሱ።

አባቴ ኮምቦልቻ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ የካሚዮን መካኒክ ነበሩ። የሰፈሩን ወንድ ልጅ ሁሉ ሙያ አስተምረዋል። እኔ ብቅ ስል ግን “ሂጂ፣ ደብተርሽን ያዢ! ይሄ ያንቺ ቦታ አይደለም” ይሉኝ ነበር። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ደብተሬን ይዤም ዛሬ የሆስፒታል ላብራቶሪ ሠራተኛ ሆኛለሁ። ቢሆንም ያ ቃል ከአንጀቴ አልወጣም። እልኸኛ ነኝ። አንድ ቀን እጄን አይተው እንዲያምኑብኝ እፈልግ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ጊዜው እየሄደብኝ ነበር።

የባሌን አሮጌ ቱታ ለብሼ ጋራዥ ወረድኩ። ኮፈኑን ከፍቼ፣ መመሪያውን በስልኬ እያነበብኩ የሰንሰለቱን ሳጥን ስፈልግ አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ወንበር እየጎተቱ መጡ።

“ሞተሩን አስነስተሻል?”

“ለምን አባባ?”

“ቀዝቃዛ ዘይት አይወርድማ! ትንሽ ይሙቅ።”

የጋራዡን በር ከፍቼ አስነሳሁት፤ የጎረቤት ውሻ ሁሉ አብሮ ጮኸ። ጥቂት ሲሞቅ አጠፋሁትና የታችኛውን ብሎን ፈታሁ። ጥቁር ዘይት ወደ ትሪው ወረደ። የብሎኑ ጫፍ ማግኔት ነው፤ ላዩ ላይ ግራጫ ነገር ተለጥፏል። አባቴ ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩት፣ መለየት ግን አልቻሉም።

“በጣትሽ እሺው። ይወጋል?”

“አይወጋም፤ እንደ ዱቄት ነው።”

“እንግዲያው የማርሹ ጥርስ ደህና ነው። ቢወጋሽ ኖሮ ተሰብሯል ማለት ነበር።”

ለእኔ ሙያ ሲነግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። በሃምሳ ዓመቴ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

ማግኔቱን ጠርጌ ብሎኑን መለስኩ። መመሪያው የሚለው ሩብ ሊትር ብቻ ነው፤ የኬክ ዱቄት የምለካበትን ኩባያ ይዤ ወርጃለሁ። አባቴ ኩባያዬን በንቀት አዩት።

“ይሄ ምን ያደርጋል? በላይኛው ቀዳዳ ሞልቶ እስኪፈስ ጨምሪ።”

የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የካሚዮን ዲፈረንሻል የሚሞላው እንዲያ ነው፤ አርባ ዓመት ሲሞሉ ኖረዋል። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ጠብታ ስቆጥር የምውል ሴት ስልኬን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ። አባት አይታረምም ተብሎ ያደገ ሰው ምን ያደርጋል? ጨመርኩ። ሞልቶ ፈሰሰ።

“ጎሽ!” አሉኝ።

ስንት ዓመት የጠበቅኳት ጎሽ ነበረች፤ ግን አልጣመችኝም። ከልኩ ያለፈ ዘይት ሰንሰለቱ ሲንጠው አረፋ ይሆናል፣ ይግላል፣ ባገኘው ቀዳዳ ገፍቶ ይወጣል። ነገ ባሌ ተራራ ላይ ቆሞ ቢቀርስ? ወደ አባቴ ዞርኩ።

“አባባ፣ ተሳስተናል። ይሄ እንደ ካሚዮን አይደለም። ሩብ ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው።”

“ቅድም ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ሞላሽው?”

“እርስዎ ስላሉኝ።”

ፊታቸው ተቀያየረ። የተቆጡት ስላረምኳቸው መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

“ዘይት አባት አያውቅም!” አሉ። “ካወቅሽ ‘አይሆንም’ ማለት ነበረብሽ። አፍስሺው!”

አፈሰስኩት። በንጹሕ ዕቃ ተቀብዬ፣ ብሎኑን በእጄ መልሼ፣ በዚያችው በተናቀች ኩባያ ለክቼ መለስኩ። መለኪያ ዘንጉን ሳወጣ ዘይቱ ልክ መስመሩ ላይ ነበር። አባቴ ዘንጉን ተቀብለው እርጥበቱ የት እንደደረሰ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

የቀረው የታችኛውን ብሎን በመፍቻ ማጥበቅ ነበር። ኮምቦልቻ በነበረው ጋራዣቸው ዘይት የተቀየረለት መኪና ከመውጣቱ በፊት ያን ብሎን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያጠብቁት ራሳቸው ብቻ ነበሩ፤ መኪናው ‘ተለቋል’ የሚባለውም ያኔ ነው። የቱንም ያህል ጎበዝ ሠራተኛ ቢሆን መፍቻውን አስረክቦ ዞር ይላል። እኔም እንደ ደንቡ መፍቻውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

ተቀበሉኝ። አገላብጠው አዩትና መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

“አንቺው አጥብቂው።”

እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ይሆናል ብዬ ቀና ስል ፈገግ ብለዋል። እንባዬ መጣ፤ በቱታው እጅጌ ጠረግኩትና አጠበቅኩ። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ያየን ነበር። አባቴ ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ እሱ ዞሩ።

“ነገ መሄድ ትችላለህ” አሉት። “መካኒኳ ለቃዋለች።”