ጉድፍ ያልወጣላቸው ሁለት ልጆች

የዚያን ቀን በጎረቤቴ ግቢ፣ ከቀርከሃው አጥር ሥር የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ፣ አማቴ ማለትም የባለቤቴ እናት፣ ጎረቤቴ፣ የጎረቤቴ የሰባት ዓመት ልጅ፣ የእኔ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ከእንጅባራ በበቅሎ የመጣው ከታቢ፣ በቅሎዋን ይዞ በር ላይ የቆመው ባለቤቴ። ሰባት ሰው ነን። አማቴን ብትጠይቋቸው ግን አምስት ይሏችሁ ነበር። ሁለቱ ልጆች ገና ጉድፍ አልወጣላቸውም።

ጉድፍ የምንለው ኩፍኝን ነው። ያን ጊዜ በዘንገና ዙሪያ አሮጊቶች ጉድፍ ያላለፈ ልጅ አይቆጥሩም ነበር። አማቴ ስንት የልጅ ልጅ እንዳላቸው ሲጠየቁ፣ "ሦስት አሉኝ፤ አንዷ ገና ናት" ይሉ ነበር። ገና የሚሏት የእኔ ልጅ ነበረች። ክፋት አልነበረበትም። ከወለዷቸው ስምንት ልጆች ሦስቱን በጉድፍ ቀብረዋል፤ ቆጥረው መልሰው ማጉደል መሯቸው ነው። ይህ የገባኝ ግን በኋላ ነው። ያኔ "ገና ናት" ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ልጄን ወደ ቀሚሴ እስባት ነበር።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። እዚያ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ባገባሁበት መንደር ከሴቶች የሚያነብ እኔ ብቻ ነበርኩ። አማቴ አገውኛ ይናገራሉ፤ ስቸገር ሲያዩ በአማርኛ ይደግሙልኛል፤ እየሳቁብኝም ይደግሙልኛል።

ከታቢው ከሣጥኑ ጠርሙስና መርፌ አወጣ። የእኔን ልጅ ቀድሜ ያቀረብኩት እኔው ነኝ። ክንዷን ጫር ጫር አደረገው። አለቀሰች፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ። የጎረቤቴ ልጅ ግን መርፌውን ትክ ብላ እያየች አንዴም ድምፅ አላሰማችም። አማቴ ዱላቸውን ተደግፈው ሲመለከቱ ቆይተው፣

"ማሩስ?" አሉት።

"የምን ማር፣ እማማ?"

"እኛን የከተበን ሰው በማር ለውሶ ነበር። ያንተ መንግሥት ማር የለውም?"

"መንግሥት ማሩን ለእርስዎ ተወልዎት" አላቸው። ባለቤቴ ከበር ሆኖ ሲስቅ በቅሎዋ ደነበረች።

አማቴ በልጅነታቸው በአገሩ ደንብ ተከትበዋል። ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቁስል ትንሽ ወስደው፣ በማር ለውሰው፣ ክንዳቸውን በጥተው ነው የከተቧቸው። ጠባሳው ሰፊ ነበር፤ ሲያሳዩ ይኮሩበታል።

ከታቢው ሲጨርስ ለእያንዳንዷ ልጅ ማኅተም ያለበት ትንሽ ወረቀት ሰጠ። ጎረቤቴ ወረቀቱን ገልብጣ ገልብጣ አየችና ለእኔ ሰጠችኝ።

"ምን ይላል?"

"ተከትባለች ይላል።"

"ከምን?"

ፈንጣጣ ይላል። አነበብኩላት። እዚያ ላይ ዝም ማለት ሲገባኝ ጨመርኩበት። "ከእንግዲህ ገላ ላይ የሚወጣ በሽታ ሁሉ አይነካቸውም" አልኳት። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ወረቀቱም አላለም። እኔ ግን እንደዚያ እንዲሆን አጥብቄ ስለፈለግሁ ያነበብኩት መሰለኝ። ከታቢው ያኔ በቅሎዋን ይጭን ስለነበር አልሰማኝም።

አማቴ ሰሙኝ። "ፈንጣጣ ሌላ፣ ጉድፍ ሌላ" አሉ። "እኔ ተከትቤም ጉድፍ ወጥቶልኛል።"

"የእርስዎ የድሮው ነው፣ እማማ። ይሄ የሐኪም ነው።"

"እሺ፣ ሐኪሟ" አሉና ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

ይህ በኅዳር ነበር። የካቲት ላይ፣ ገብሱ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ፣ በጥርባ በኩል ጉድፍ ገባ ተባለ። ጉድፍ የገባበት ቤት እንግዳ እንዳይገባ በሩ ላይ ቅጠል ይሰቀላል። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ማዶ ያሉትን በሮች እቆጥር ጀመር። ልጄን ከአጥር ውጭ አላስወጣ አልኩ። እንጨት ስለቅም እንኳ አዝላት ነበር፤ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እግሯ ጉልበቴን እየመታኝ።

አማቴ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። አንድ ጠዋት፣ "ወደ ታመሙት ቤት እንውሰዳትና አሁን ይውጣላት" አሉኝ። "ላሟ ትታለባለች፤ ብርዱም ቀሏል። አንዴ ከወጣላት አይመለስባትም። ክረምት ላይ ቢይዛት ምን ታበያታለሽ?"

"ልጄን በገዛ እጄ ወስጄ ለበሽታ ልስጥ?"

"አንቺ ባትወስጃት እሱ ይመጣል።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "ደግሞስ ተከትባለች ስትይ አልነበር? ምን አስፈራሽ?"

አሁንም ድረስ ያችን ጥያቄ አስባታለሁ። የተናገርኩትን ከልቤ ባምነው ኖሮ ልጄን ማዘል ባላስፈለገኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ መጣች። ጥርባ ያለች እህቷ ሦስት ልጆች በአንድ ጊዜ ታመውባታል፤ ውሃ የሚቀዳላትና ጥጆች የሚያይላት አጥታለች።

"ልጄን ልልክላት አስቤ ነበር" አለችኝ። "ያንን ወረቀት ባታነቢልኝ ኖሮ አላስበውም። ምን ትያለሽ? ልላካት?"

እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ድንች እልጥ ነበር። ልጄ ከኋላዬ፣ ከጓዳ ናት። "አትላኪያት" ለማለት መጀመሪያ "አላውቅም" ማለት ነበረብኝ። መንደሩ ውስጥ የማንበብ ነገር ሲመጣ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። አላውቅም ማለት አፈርኩ።

"ላኪያት" አልኳት። "ተከትባ የለ?"

ልጅቷ በማግስቱ ድንች በነጠላ ቋጥራ፣ እየዘለለች በደጃፌ አለፈች። ልጄ በአጥሩ ቀዳዳ እጇን አወጣችላት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አባቷ በፈረስ አምጥቶ መለሳት። ዓይኗ ቀልቶ ያነባል፤ ትስላለች፤ ሽፍታው ከጆሮዋ ጀርባ ጀምሮ ፊቷን ሸፍኗል። ቅጠል ተሰቀለ፤ በሩ ተዘጋ። ብርሃን እንዳይነካት ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ ተደፈነ። ውሃም ተከለከለች። ውሃ ከጠጣች ሽፍታው ወደ ውስጥ ይመለሳል ተብሎ ይታመን ነበር።

ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ወደ እንጅባራ ሄድኩ። ከታቢው ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ቁስል ያጥብ ነበር። ወረቀቶቹን ዘረጋሁለት።

"ይህች ልጅ ተከትባ ጉድፍ ያዛት" አልኩት።

"ይህ የፈንጣጣ ነው። ምን ይላል፣ አንብቢው እስቲ።"

አነበብኩት።

"ታዲያ ለጉድፍ ነው ያለሽ ማነው?"

"እኔ" አልኩ።

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ እንደ መምህር ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የፈንጣጣው ክትባት የሚከላከለው ፈንጣጣን ነው፤ ጉድፍን አያውቀውም። ለጉድፍ በፈረንጅ አገር ክትባት ተሠርቷል ሲሉ ሰምቷል፤ በዓይኑ ግን አላየውም። ውሃ ይሰጧት አለኝ፤ ወተትም ይስጧት፤ ዓይኗን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ያጥቡላት፤ የቅጠል ጭማቂ እንዳያንጠባጥቡባት። መንገዱን ሁሉ እንዳልረሳው እየደጋገምኩ መጣሁ።

ጎረቤቴ በሩን በትንሹ ከፍታ ሰማችኝ።

"ይሄም ተጽፎ ነው?" አለች።

"አልተጻፈም። በአፉ ነው የነገረኝ።"

"ያኛውስ ተጽፎ ነበር።" በሩን ዘጋችው።

ቤቴ ገብቼ ለአማቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀቱ ያላለውን መጨመሬንም፣ ልጅቷን ላኪያት ማለቴንም። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ተነስተው አንዱን ቅል ውሃ፣ አንዱን ወተት ሞሉ።

"እማማ፣ ውሃው ይጎዳታል ሲሉ አልነበር?"

"ሦስቱም ልጆቼ ውሃ ውሃ እንዳሉ ነው የሄዱት" አሉኝ። "እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። ለዚህች ብሰጣት ምን ይመጣብኛል?"

ለሳቸው በሩ አልተዘጋም። አምስት ቀን እዚያ ዋሉ። ውሃውን ያጠጧታል፤ ዓይኗን ያጥባሉ፤ ማታ ሲመለሱ ከእኔ ጋር ብዙ አይነጋገሩም፤ "ጠጣች" ይሉኛል፣ ወይም "ዛሬ እምቢ አለች"። እኔም ልጄን አቅፌ ያችን አንዲት ቃል ስጠብቅ እውላለሁ።

ልጅቷ ተረፈች። ቅጠሉ ከበሩ ሲነሳ ግን በግራ ዓይኗ ብሌን ላይ ነጭ ነገር ቀርቶ ነበር። ውሃውና እጥበቱ ሁለት ቀን ቢቀድም ዓይኗ ይተርፍ እንደሆነ አላውቅም። ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

ወደ ጎረቤቴ ሄጄ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት። "ወረቀቱ ስለ ጉድፍ አንድ ቃል አይልም። የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

ገብስ ታበጥር ነበር፤ ማበጠሩን አላቆመችም።

"ያንቺን ልጅ ታዲያ ለምን አጥር ውስጥ ያዝሻት?"

አይታኝ ኖሯል።

"ፈርቼ" አልኩ።

"መፍራትሽን ብትነግሪኝ ይበቃኝ ነበር" አለች። ከዚያም በኋላ ሰላምታ አልከለከለችኝም፤ እሳት ስጠይቃት ትሰጠኛለች። የሚነበብ ነገር ግን ዳግመኛ ይዛልኝ አልመጣችም።

በዓመቱ ከታቢው ሲመለስ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ደበቁ። የደበቁት በእኔ የተነሳ ነው። ተከትባ ዓይኗ የጠፋባት ልጅ ወሬ አዘና ገበያ ድረስ ደርሶ ነበር። ሰው ፊት መናገር አልችልም። እንደምንም ቆሜ፣ "ይሄ ለጉድፍ አይሆንም፤ ይሆናል ብዬ የተሳሳትኩት እኔው ነኝ። ለፈንጣጣ ግን ይሆናል" አልኳቸው። አንዳንዶቹ "አይሆንም" የሚለውን ብቻ ሰምተው ሄዱ። አንዳንዶቹ ቆዩ። ጎረቤቴ ጨቅላ ልጇን አዝላ ዳር ላይ ብዙ ቆመች። እኔን አየች፤ የልጅቷን ዓይን አየች፤ ከዚያ ጨቅላውን ሳታስከትብ ልጅቷን በእጇ ይዛ ሄደች። አልተከተልኳትም። መከተል ነበረብኝ።

የዚያን ዓመት በጋ ጎረቤቶቼ ከብታቸውን ነድተው ወደ መተከል ቆላ ወረዱ። እዚያ መሬቱ ይሻላል ተብለው ነው። ልጅቷ ሲሄዱ በአጥራችን ቀዳዳ ለልጄ እጇን አሳየቻት።

የእኔ ልጅ ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ጉድፍ ወጣላት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውሃ ከአጠገቧ አልተለየም። በዘጠነኛው ቀን ተነስታ ቆሎ ስትለምን አማቴ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። "አራት" አሉ፤ ወደ እኔ እንኳ አልዞሩም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም አለኝ። ግን በልቤ ያችኛዋን ማን ቆጠራት አልኩ።

አሁን የልጅ ልጆቼ ለኩፍኝም ይከተባሉ። አብሬ ስሄድ ነርሷን "ይሄኛው ለየትኛው ነው?" ብዬ ሳልጠይቅ መርፌ አላስነካም። "እማማ፣ ዛሬም ሊፈትኑኝ መጡ?" ትለኛለች። ትሳቅ። ነግራኝ ስትጨርስ የነገረችኝን ብቻ ለምራቴ እነግራታለሁ፤ ያልገባኝንም አልገባኝም እላታለሁ።

ያች ልጅ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ግራ ዓይኗ ላይ ነጭ አለባት፤ በክንዷም ላይ የክትባት ጠባሳ አለ። ከዘንገና አካባቢ ከእናት ከአባቷና ከአንድ ጨቅላ ወንድሟ ጋር ወደ መተከል የወረደች ናት። የሚያውቃት ካለ፣ በሕይወት መኖሯን፣ ቀኝ ዓይኗ ደህና መሆኑን፣ ወንድሟም ማደጉን እንዲነግረኝ እለምናለሁ።