ስቱኮ የጠጣው ውሃ

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ጀልባ ገዛ። ዕድሜውን ሙሉ በደራ በኩል ከአዳማ አሰላ አውቶብስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እናቴ የዝዋይ ልጅ ስለሆነች ወደዚያ ተዛወሩ፤ እሱም ላንጋኖ ዳር አንድ ሎጅ ከሥራ ያወጣውን አሮጌ የፋይበር ጀልባ በርካሽ ገዝቶ ዝዋይ ሐይቅ ዳር አስቀመጠ። ሰው ወደ ደሴቶቹ ሊያሻግርባት ነው። እናቴ "ጡረታ የወጣኸው ልታርፍ ነው ወይስ ልትሰምጥ?" አለችው።

ጀልባዋ ሆዷ ተጎድቶ ነበር። ድንጋይ ላይ ስለተጎተተች ጄልኮት የሚባለው፣ ፋይበሩን ከውሃ የሚከላከለው ጠንካራ ልባስ፣ ሦስት ቦታ ላይ ተልጧል። አባቴ ሌላ ሰው አላስነካም አለ። "ልጄ ባለሙያ ነው" ብሎ ለሐይቁ ሰው ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። ልጁ እኔ ነኝ፤ አዳማ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ነኝ። የተጋጨ የአይሱዙ በር አስተካክላለሁ እንጂ ጀልባ ነክቼ አላውቅም።

እዚያው ዝዋይ ቀለም የገዛሁበት ሻጭ ነግሮኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። "ለውሃ ስቱኮ አይሆንም። ጄልኮት ከአዲስ አበባ ላስመጣልህ፣ አንድ ሳምንት ጠብቅ" አለኝ። እኔ ግን ጋራዥ ውስጥ ያቆምኩት አይሱዙ ነበረኝ፤ ባለቤቱ ከመቂ ሽንኩርት የሚጭን ሰው ስለሆነ በየሰዓቱ እየደወለ ያደርቀኛል። ደግሞም ስቱኮ ያቃተው ነገር አይቼ አላውቅም። የእኛ ሰፈር ሙያ እንዲህ ነው፤ የዛገውንም የተቀደደውንም በስቱኮ ደፍነን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ ቀለም ረጭተን እናስረክባለን። መኪና ዝናቡ ሲያባራ ይደርቃል። ጀልባ ግን ውላ የምታድረው ውሃ ውስጥ ነው፤ ስቱኮ ደግሞ ውሃ ይጠጣል።

በስቱኮ ደፍኜ በግማሽ ቀን ጨረስኩ። ስታብረቀርቅ ለዓይን ታሳሳ ነበር። አባቴ በመዳፉ ዳሰሳትና "ውሃ ይችላል?" አለኝ።

"ይችላል፣ አባዬ" አልኩት። ከዚያ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ አይሱዙዬ ተመለስኩ።

በስልክ ስጠይቀው "እንደ አዲስ ናት" ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አለኝ፤ እኔም አመንኩ፣ ወይም ማመኑ ተስማማኝ። ልጠይቃቸው ስሄድም ቤት ተቀምጬ፣ በልቼ፣ እመለሳለሁ እንጂ ሐይቁ ዳር ወርጄ አላየኋትም። ይህን ሳስብ ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ባለፈው ክረምት ደም ግፊቱ ጣለው፤ በዚያው አልተነሳም። አርባው ካለፈ በኋላ እናቴ ጀልባዋ ትሸጥልኝ አለች፤ ባየቻት ቁጥር ሆዷ ይባባል። ገዥ አልጠፋም። የአባቴ ወዳጅ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ ሆዷ ከተሠራ እወስዳታለሁ አሉ። በዚህ ጊዜ ሳምንቱን ጠብቄ ጄልኮቱን ይዤ ሄድኩ።

ከሽማግሌው ጋር ገለበጥናት። የእኔ ሥራ የለም። በእሱ ፋንታ የግቢ በር የሚቀባበት ቀለም ተደራርቦበታል፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ እንደገና ሰማያዊ። የብሩሹ ፀጉር ሳይቀር እዚያው ደርቆ ቀርቷል። በጥፍሬ ስጭረው ከሥር የእኔ ስቱኮ ውሃ እንደነካው ዳቦ አብጦ ተፈረፈረ።

"አባትህ ነው ያበላሻት" አሉኝ ሽማግሌው። "በወሩ ውሃ ማስገባት ስትጀምር፣ ያ ባለሙያ ልጅህ የሠራው ይሄ ነው ወይ ብለን ሳቅንበት። 'ልጄማ በስቱኮ አይሆንም፣ ጠብቅ ብሎኝ ነበር፤ አልሰማ ብዬ እኔው ደፈንኩት' አለን። ከዚያ ወዲያ ሰው አልጫነባትም። ብቻውን ይወጣል፣ በጣሳ ውሃውን እየጨለፈ ይመለሳል፣ በየሳምንቱ ይቀባታል።"

ኋላ ከራሱ ከሻጩ ሰምቶ መሆን አለበት፤ የቀለም ሻጩ ለእኔ ያለኝን፣ እኔ ለእሱ ያልኩት አድርጎ ነው የነገራቸው። የሐይቁ ሰው የእኔን ሙያ እንዳይንቅ የራሱን ሞኝነት አወራ። እኔ ያን ጊዜ አዳማ ነበርኩ፤ "እንደ አዲስ ናት" ሲለኝ ደስ ብሎኝ ስልኩን እዘጋለሁ።

ጄልኮት ጤነኛ ፋይበር ካላገኘ አይዝም፤ የታመመው ሁሉ መፋቅ አለበት። ስለዚህ የአባቴን ቀለም ራሴ ፋቅሁት። እጁ የነካው ሁሉ ሰማያዊ አቧራ ሆኖ ልብሴ ላይ አረፈ። አለቀስኩ፤ ሽማግሌው አቧራው መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

በማግስቱ ፋይበሩን ለጥፌ፣ ሲደርቅ ጄልኮቱን ቀባሁ። አየር ከነካው ላዩ ስለማይደርቅ በላስቲክ ሸፈንኩት። በሦስተኛው ቀን ላስቲኩን ስገልጥ ሽማግሌው በመዳፋቸው ዳሰሱትና "ውሃ ይችላል?" አሉኝ።

"ይችላል" አልኳቸው። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። "ጋሼ፣ ያ ስቱኮ የእኔ ሥራ ነው። አባቴ ሸፍኖልኝ ነው እንጂ አልነካውም።"

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው "ጎሽ ልጄ" አሉኝ። "የሞተ አባቱን ጥፋት በራሱ የሚያደርግ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል?"

ማልኩላቸው። በአባቴ አጥንት ሳይቀር ማልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አባትህ ራሱ ነው የነገረን፤ እሱ ደግሞ ውሸት የማያውቅ ሰው ነበር" አሉኝና ጀልባዋን ወደ ውሃው መግፋት ጀመሩ።