በዶማ ፋንታ ማጭድ

ባለፈው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት የተላከ አንድ ወጣት ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። በወረታ ዳር የቀረችውን ጨፌ በገረጋንቲ ደልድለው ሱቅ ሊሠሩባት ነው። ነዋሪው ተስማምቷል ለማለት የሽማግሌዎች ፊርማ ያስፈልጋል። ልጁ ትሑት ነው። ያቀረብኩለትን የሩዝ ዳቦ እየገመጠ፣ «እማማ የሺ፣ ባዶ ቦታ እኮ ነው» አለኝ። ባዶ! ወይ ጉድ! እስቲ ስለዚያች ባዶ ቦታ ላጫውታችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔም አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወረታ ያኔ በአንድ ጎዳና ግራና ቀኝ የተደረደረች ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ጨፌው ግን ሰፊ ነበር። ክረምት ርብ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ባሕር ሲመስል፣ ወደ ከተማው የሚመጣውን ውኃ ጨፌው ይውጠዋል። በበጋ ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ የከብት እግር ሲሰብር እሱ ብቻ ለምለም ነው፤ በዳርቻው የተቆፈሩት የውኃ ጉድጓዶችም አይነጥፉም። ማታ ማታ የሁዳዴ ሽምብራዬን እየቆረጠምኩ የውኃ ወፎቹ፣ ይብራዎቹ፣ ተንጫጭተው ሲሰፍሩ አያለሁ። አባቴ ቄስ ፈንቴ «ይኸ ጨፌ የከተማችን እንስራ ነው» ይሉ ነበር። ቄጠማ ሲያጭዱ ሥሩን አይነኩም። «ውኃውን የያዘው ሥሩ ነው፤ ሥሩን የነቀለ እንስራውን ሰበረ» እያሉ ማጭድ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

እኔ የቀበሌያችን የወጣት ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ትምህርቴን ጨርሼ መምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ። ሊቀመንበሩ ጓድ ምናለ እንደሚሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል። በዚያው ሰሞን ጨፌው ደርቆ የሰልፍ ሜዳ እንዲሆን ተወሰነ። የዘመቻው ቀንም ቅዳም ሹር ሆነ፤ ካህናቱ ቄጠማ የሚያድሉበት፣ ሰው ሁሉ በራሱ ላይ የሚያስርበት ዕለት! ሆን ብለው ይሁን ሳያስቡት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሕዝቡ ዶማ ይዞ ወጥቶ ቄጠማውን ከነሥሩ እንዲነቅል በየቤቱ እየዞርኩ የምናገረው ደግሞ እኔ ነኝ።

ዓርብ ከስቅለት ስግደት መልስ ዙረቴን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ አፌን ስከፍት ሌላ ቃል ወጣ።

«ነገ ጠዋት ማጭድ ይዛችሁ ወደ ጨፌው ውጡ ተብላችኋል።»

ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ አፍጥጠው አዩኝ። «ዶማ ሲባል የሰማሁ መስሎኝ አንች ልጅ?»

«ማጭድ ነው እማማ።»

«እንግዲያማ ማጭድ ነዋ!» ብለው ሳቁ። የቀረውን ቤት ሁሉ ያለ ፍርሃት ዞርኩት ብል ውሸት ነው። ግን ዞርኩት።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ወጣ። እኔ አክፍዬ ስለነበር ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ውኃ በአፌ አልዞረም። እግሬ ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮዬ ግን እንደ ደረቀ ነው። ጓድ ምናለ ደርሶ «ዶማው የት አለ?» ብሎ ጮኸ። በራሱ ላይ ቄጠማ ያሰረ ሕዝብ አጎንብሶ ያጭዳል። ይህን ጊዜ ወደ አባቴ ዞረ።

«ቄስ ፈንቴ፣ ቄጠማ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ማብሠሪያ ነው ትሉ የለም? እኛም ውኃውን እናጉድለው ነው ያልነው።»

«ያን ውኃ ያጎደለው እግዚአብሔር ነው፣ ልጄ» አሉት አባቴ ቀና ሳይሉ። «ርግቧም ለምለሙን ቄጠማ ያገኘችው ነቃይ ስላልቀደማት ነው።»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ነገሩን ያከፋው ያ ሳቅ ነው።

በዓሉ እንዳለፈ ስብሰባ ተጠራና በሰው ፊት አቁመው ግለሂስ አድርጊ አሉኝ። ጓድ ምናለ ደብዳቤዬን ማኅተም አስመትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። «ቄሱ አሳስተውኝ ነው በይና ደብዳቤሽን ይዘሽ ሂጂ» አለኝ። አባቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ታሰረ የተባለ ሰው ይመለስ አይመለስ አይታወቅም። ደብዳቤውን አየሁት፤ ስሜ በታይፕ ተጽፎበታል።

«አባቴ የሚያውቁት ነገር የለም» አልኩ። «ማጭድ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም ብትልኩኝ ማጭድ እላለሁ።»

ደብዳቤውን እያየሁት ቀደደው። ሁለት ሳምንት ቀበሌ ታሰርኩ፤ ቆሎ እያመላለሱ ያበሉኝ እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ስፈታ የግንቦት ካፊያ ጥሎ፣ የታጨደው ቄጠማ ከሥሩ አቆጥቁጦ ጨፌው አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ሌላ ዘመቻ ሲባል ክረምቱ ቀደማቸውና ሰልፉን ወደ ደረቅ ሜዳ ወሰዱት።

አባቴ አንድ ቀን ብቻ፣ «ልጄ፣ ያ ደብዳቤሽ ያንገበግበኛል» አሉኝ። እኔንም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መምህርነቱ ቀርቶ ዕድሜዬን ገበያ ላይ እህል ስቸረችር ኖርኩ። አልቆጨኝም ብዬ አልመጻደቅም፤ ብዙ አልቅሻለሁ። ይህን ያህል ያስከፈለኝን ጨፌ ግን ለገረጋንቲ አሳልፌ አልሰጥም።

የልጁን ወረቀት ተቀብዬ መነጽሬን አደረግሁ። ከስሜ ፊት ለፊት፣ በዚያ በጸሐፊነት ዘመኔ የእጅ ጽሕፈት፣ «አልስማማም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።

«እንግዲህ ሌላ ቅጂ ይዤ ልመጣ ነው፣ እማማ» አለኝ ልጁ ግራ ተጋብቶ።

«ና» አልኩት። «ስትመጣ ግን ማጭድ ይዘህ ና።»