ጃንጥላዎቹን ያባረረችው ወይንሸት

ወይንሸት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ባለ አንድ ቤተ ሙከራ ዱቄት ስትመረምር አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ሴት ናት። ዱቄት ሲባል የጤፍ አይደለም። ሴራሚክ የሚሠራበት፣ አሉሚና የሚሉት፣ እንደ ፑድራ የላመ ነጭ ነገር ነው። እሷ የምታየው የቅንጣቱን ቆዳ ነው። ኢንፍራሬድ የሚባለውን ዓይን የማያየውን ብርሃን ታበራበታለች፤ ቆዳው ላይ የተለጠፈው ነገር ከብርሃኑ ድርሻውን ይውጣል፤ መሣሪያው የጎደለውን በመስመር ይስላል። ውሃ ካለ መስመሩ ላይ ሰፊ ሸለቆ ይወጣል። ወይንሸት ያንን መስመር አንዴ ገልመጥ አድርጋ ዱቄቱ ቁርሱን ምን እንደበላ ትናገራለች ይባላል።

ባለፈው ነሐሴ የአብዱልሃሚድ ዱቄት መጣ። ሰውዬው ስድስት ሠራተኛ ይዞ ለኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሆን ሴራሚክ ይሠራል። ዱቄቱ ተለካ፤ ሸለቆ። እቶን ገብቶ ደርቆ ተለካ፤ የአባይን በረሃ የሚያስንቅ ሸለቆ!

«እርጥብ ነው፣ ይወገድ ብለሽ ፈርሚ» አሉ የክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር ገብረትንሣኤ።

«አልፈርምም።»

«ምን አልሽ?»

«ዱቄቱ ደረቅ ነው ኢንጂነር። እርጥቦቹ እኛ ነን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ሕንፃ ክረምት የማይገባበት ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ እርጥበት የሚመጥ ማሽን የተተከለለት የመሣሪያው ክፍል። ስለዚህ ከጸሐፊዋ እስከ ኃላፊው ጠዋት ሁሉም ጃንጥላውን እዚያ ይዘረጋል። የፒያሳ የታክሲ ሰልፍ እንኳ ያን ያህል ጃንጥላ አይቶ አያውቅም። ባልደረባዋ ኤርሚ ደግሞ ካልሲውን መሣሪያው ክዳን ላይ ያሰጣል።

ወይንሸት ክርክር አላበዛችም። ዱቄቱ ተደባልቆ እንደ ክኒን የሚጨመቅበት ጨው አለ፤ እርጥበት የሚስበው ሰፈር ወሬ እንደሚስብ ነው። ጨውን ብቻውን፣ ያለ አንዲት ቅንጣት ዱቄት፣ ጨምቃ ለካችው። ያው ሸለቆ!

«ይኸው፤ ዱቄት የለም፣ ውሃ አለ። የማን ነው? የኤርሚ ካልሲ ነው።»

«ወይኒ፣ በናትሽ ስሜን አታንሺ!»

«እና የእኔ ጃንጥላ ነው የሰውዬውን ዱቄት ያበላሸው?» ብለው ኢንጂነሩ ጮኹ።

«ዱቄቱንማ አላበላሸም፤ ውጤቱን ነው። የእርስዎ ትልቅ ስለሆነ ድርሻውም ይበዛል።»

«ልጄ፣ እንጀራሽን አስቢ።»

«የስድስት ሰው እንጀራ እያሰብኩ ነው። እስቲ ከበሩ ዞር በሉልኝ።»

በዚያው ማክሰኞ ሃያ ሰባት ጃንጥላ ተሸክማ ኮሪደር ላይ አወጣች። የኃላፊውን፣ በአክብሮት፣ እንደ ሽማግሌ በሁለት እጇ ደግፋ። በሩን ቆለፈች፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ሁለት ቀን ሙሉ ማሽኑ ክፍሉን ሲመጥ ሰነበተ፤ ጨውም እቶን ገብቶ ደረቀ። በሦስተኛው ቀን አብዱልሃሚድ እያየ ለካች። ሸለቆው የለም። መስመሩ ላይ ከቅንጣቱ ቆዳ ጋር የተወለደች ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ቀረች፤ እሷ ደግሞ የጤና ምልክት ናት። «ዱቄቱ ደህና ነው። የመጀመሪያው ውጤት በክፍሉ እርጥበት ተበላሽቷል» ብላ ጽፋ ፈረመች። አብዱልሃሚድ ዱቄቱን ጭኖ ሄደ።

በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ «የሠራተኞችን ንብረት ረቡዕ ዕለት በማንገላታት» ይላል። ቆማ፣ ኮሪደሩ እስኪሰማ ድረስ አነበበችው። ከዚያ ለኢንጂነሩ መለሰችላቸው።

«ማንገላታቱ እውነት ነው። ቀኑ ግን ማክሰኞ ነበር። አስተካክላችሁ አምጡልኝና እፈርማለሁ።»