ሰማንያ ስድስት ገጽ

ባፈና በደብረ ብርሃን በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ዓመታት መጽሐፍ ስትመዘግብ፣ ካርድ ስትጽፍ፣ የተገነጠለ ሽፋን ስትለጥፍ አሳለፈቻቸው። ስማርት ስልክ ሲመጣ ከሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ ዘግይታ ያዘች፤ ከያዘች በኋላ ግን የሚያስቆማት ጠፋ።

የተመራቂዎች መመረቂያ ጽሑፍ ምድር ቤት ነበር የሚቀመጠው። ከእያንዳንዱ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ፣ ከአረርቲ ወይም ከአሊዩ አምባ የመጣ ተማሪ አንዱን ጽሑፍ ለማየት ሳምንት ይጠብቃል። ባፈና ይህን ስታይ ጽሑፎቹን በስልኳ ፎቶ እያነሣች ወደ ኮሌጁ ሰርቨር ማስገባት ጀመረች። ተማሪው በግቢው ዋይፋይ ስልኩን ከፍቶ አልጋው ላይ ሆኖ ያነባል። ማንም አላዘዛትም። ምሳዋን ጎረስ ጎረስ አድርጋ ትመለስና ወረቀቱን መስኮት ሥር ትዘረጋለች፤ ጥላዋ እንዳያርፍበት ዘንበል ትላለች፤ ታነሣለች፤ ትገልጣለች። በሦስት ዓመት ከስድስት መቶ በላይ ጽሑፍ አስገባች። ስልኳ ሲሞላባት ሰርቨሩ ላይ የገባውን ከስልኳ ታጠፋለች።

ይህን ሥራ በጀመረች ሰሞን መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ከአንኮበር መጡ። ልጃቸው ፍቅርተማርያም ከኮሌጁ በአማርኛ ትምህርት ተመርቃ፣ በሁለተኛ ዓመቷ በወሊድ ሞታለች። መመረቂያዋን የጻፈችው በአንኮበር ምንጮች ስም ላይ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ሽማግሌዎችን ስትጠይቅ ከርማ ነው ያዘጋጀችው። ለአባቷ ግን አላሳየቻቸውም። «የእርስዎን ቅጂ ሳስጠርዝ ያነቡታል» ትላቸው ነበር።

ባፈና ጥራዙን አውጥታ ሰጠቻቸው። መሪጌታ ሽፋኑን ዳሰሱት እንጂ አልገለጡትም።

«ዛሬ አልችልም ልጄ፤ ዓይኔ እንባ ብቻ ነው የሚያየው» አሏት።

«ግድ የለም አባቴ፣ እኔ ሁሉንም ገጽ አነሣዋለሁ። ሲጠነክሩ በስልክ እልክልዎታለሁ፤ ይህን ሁሉ መንገድ አይመጡም።»

በማግስቱ ሰማንያ ስድስቱንም ገጽ አንሥታ ሰርቨሩ ላይ ጫነችው። የመሪጌታን ስልክ ቁጥርም ያዘች።

ከሦስት ዓመት በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ሰይፈሥላሴ ጠሯት። ምድር ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል እንዲሆን ተወስኗል።

«ወይዘሮ ባፈና፣ ጽሑፎቹን ሁሉ ያስገባሽው አንቺ ነሽ። እንግዲህ ወረቀቱ ምን ያደርግልናል? አይጥ እየበላው ነው።»

«መጠባበቂያ ዲስክ ይገዛ ብዬ ጠይቄ ነበርኮ፤ እሱ ይምጣና እናስወግደው።»

«ግዢ ላይ ነው፤ ይመጣል። ምድር ቤቱ ግን እስከ ዓርብ መለቀቅ አለበት።»

የማስወገጃው ቃለ ጉባኤ ላይ ሦስት ሰው ፈረመ፤ ሦስተኛዋ እሷ ነበረች። ወረቀቱ በአይሱዙ ተጭኖ ለካርቶን መሥሪያ ሲሄድ በር ላይ ቆማ አየችው። ደስ አላላትም፤ አልተቃወመችምም።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ መብረቁ ግቢውን ሲደበድብ ውሎ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ ሰርቨሩን አቃጠለው። ዲስኩ ገና አልተገዛም። የኮምፒውተር ባለሙያው ሀብታሙ የተቃጠለውን ይዞ አዲስ አበባ ሄደ፤ በአሥረኛው ቀን ባዶ እጁን ተመለሰ። «ምንም የሚወጣ ነገር የለም» አላት፤ ዓይኗን ሳያይ።

ባፈና መጀመሪያ ያሰበችው ስድስት መቶውን ጽሑፍ አይደለም። መሪጌታን ነው።

እሳቸው ጥቅምት ላይ ደወሉ። ድምፃቸው ጠንክሯል። «ልጄ፣ አሁን ማንበብ እችላለሁ። የእህቴ ልጅ ትልቅ ስልክ ሰጥቶኛል፤ ላኪልኝ።»

«ኮምፒውተሩ ጥገና ላይ ነው አባቴ፤ ትንሽ ይታገሱኝ» አለች።

ይታገሱኝ ያለችው ሌላ ቅጂ ለመፈለግ ጊዜ እንድታገኝ ነው። የፍቅርተማርያምን አማካሪ መምህር በሰው በሰው አፈላልጋ አገኘችው፤ የድሮ ኮምፒውተሩን ሌቦች ወስደውበታል። የሟቿ ባል ኃይለኢየሱስ ጣርማ በር ያስተምራል፤ እሱ ዘንድም ደወለች። «ጽሑፉ የነበረበትን ፍላሿን ለትምህርት ቤቱ ፈተና ተጠቀምኩበት፤ ውስጡ የነበረው ሁሉ ጠፋ። ያኔ ምኑንም አላየሁትም ነበር» አላት። ጽሑፉን ያወረደ ተማሪ ካለ ብላ ማስታወቂያ ለጠፈች፤ አንድም የመጣ የለም።

ኅዳር ላይ በቅዳሜ ቀን ሚኒባስ ይዛ አንኮበር ሄደች። መሪጌታ በቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። መደቡ ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ወረቀቱ እንዴት እንደሄደ፣ ማን እንደፈረመ፣ ሰርቨሩ ምን እንደሆነ፣ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው አዳመጧት። ቢቆጧት ይቀልላት ነበር።

«እንግዲህ የሄደው ሄደ» አሉ። «አንቺ ግን ሁሉንም ገጽ በእጅሽ ገልጠሽዋል አይደል?»

«አዎ አባቴ።»

«እንግዲያው የምታስታውሺውን ንገሪኝ። የኛን ምንጭ ምን ብላ ነው የጻፈችው? እናቷ ስለ ምንጩ ያወራቻትን አስገብታዋለች?»

ባፈና ልታስታውስ ሞከረች። ትዝ ያላት የወረቀቱ ጠርዝ ነው፤ ፎቶው ውስጥ ገብቷል አልገባም እያለች ያየችው አራት ማዕዘን፣ ከግርጌ ያለው የገጽ ቁጥር፣ የመስኮቱ ብርሃን። በሰማንያ ስድስቱ ገጽ ላይ ዓይኗ አልፏል፤ አንድ መስመር ግን አላነበበችም።

«አላነበብኩትም» አለች።

«ምንም?»

«ምንም።»

መሪጌታ «መኪናው እንዳያመልጥሽ» ብለው ተነሡ። አይልፉ ብትላቸውም እስከ መንገዱ ሸኟት። ሚኒባሱ ሲነሣ ዘወር ብላ ለማየት ድፍረት አጣች።

ኮሌጁ በዓመቱ አዲስ ሰርቨር ገዛ፤ ዲስኩም አብሮ መጣ። አቶ ሰይፈሥላሴ ጽሑፍ ማስገባቱን እንደ ድሮው እንድትጀምር ለመኗት። አልችልም አለቻቸው። አሁን የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተቀምጣ የተማሪ መታወቂያ ታያለች። የመሪጌታ ቁጥር ስልኳ ውስጥ አለ፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ደውለው አያውቁም፣ እሷም አትደውልም።